ኦንቶሎጂ በመረጃ ውህደት ሥርዓቶች ውስጥ፦ የበረሃ አንበጣ ክትትልን በማሳያነት የያዙ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ከብዙ ምንጮች የሚመጣን መረጃ አዋሕደው ለውሳኔ የሚያበቁ ሥርዓቶችን በሚሠሩ ባለሙያዎች ዘንድ ደጋግመው የሚነሡ ናቸው። ለማሳያነት የተመረጠው የበረሃ አንበጣ ክትትል ሲሆን፣ ምክንያቱም የገበሬው ዐይን፣ የሳተላይቱ ምስል፣ የዝናብና የነፋስ ትንበያው ሁሉ በአንድ ውሳኔ ላይ የሚገናኙበት መስክ መሆኑ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በምሥራቅ አማራ፣ በአፋር፣ በሶማሌ፣ በትግራይና በሐረርጌ የደረሰውን ጥፋት ለሚያስታውስ አንባቢም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የኦንቶሎጂ ምሳሌዎቹ ለማስረዳት የተዘጋጁ እንጂ የየትኛውም ተቋም ሥርዓት መግለጫ አይደሉም። «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የመረጃ ውህደት ሲባል ምን ማለት ነው?

ስለ አንድ ነገር ወይም ሁኔታ ከተለያዩ ምንጮች የተገኙ መረጃዎችን አጣምሮ፣ አንዱ ምንጭ ብቻውን ሊሰጠው ከሚችለው የተሻለ ግንዛቤ ላይ መድረስ ማለት ነው። መስኩ በአብዛኛው ያደገው በወታደራዊ ክትትል ውስጥ ነው፤ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ የሚግባቡበትን የደረጃዎች ሞዴል ያወጣውም በ1980ዎቹ በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሥር የነበረው የላቦራቶሪ ዳይሬክተሮች የጋራ ቡድን ሲሆን፣ ሞዴሉ በቡድኑ ምኅጻረ ቃል ጄ.ዲ.ኤል. እየተባለ ይጠራል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በተሻሻለው ቅርጹ ዜሮ ደረጃ ጥሬ ምልክትን፣ አንደኛው ደረጃ ነጠላ አካላትን፣ ሁለተኛው በአካላቱ መካከል ያለውን ዝምድናና አጠቃላይ ሁኔታውን፣ ሦስተኛው ሁኔታው የሚያስከትለውን ስጋት፣ አራተኛው ደግሞ የመረጃ አሰባሰቡን ራሱን ማሻሻልን ይመለከታል።

ወደ አንበጣው ስንመልሰው፣ በሳተላይት ምስል ላይ የታየ የለምለምነት ለውጥ ዜሮ ደረጃ ነው፤ «ይህ መንጋ በዚህ ሰዓት እዚህ ቦታ ላይ ነበር» ማለት አንደኛ ደረጃ ነው። «መንጋው ለመራባት ደርሷል፤ ያረፈውም ከማሽላ ማሳ አጠገብ ባለ እርጥብ አሸዋማ መሬት ላይ ነው» ስንል ሁለተኛው ላይ ደርሰናል። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በዚያ ቦታ ኩብኩባ ሊፈለፈል እንደሚችል መገመት ሦስተኛው ሲሆን፣ የአሰሳ ቡድኑ ነገ ወዴት ይሂድ የሚለው አራተኛው ነው።

ኦንቶሎጂስ ምንድን ነው? ከዳታቤዝ ንድፍ በምን ይለያል?

ኦንቶሎጂ በአንድ የሥራ መስክ ውስጥ ምን ምን ዓይነት ነገሮች እንዳሉ፣ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚዛመዱና ምን ገደብ እንዳለባቸው ኮምፒዩተር ሊያሰላው በሚችል ሎጂክ የሚገልጽ ሰነድ ነው። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተመራማሪው ቶም ግሩበር በ1993 የሰጠው ትርጓሜ አንድ ማኅበረሰብ ዓለሙን የሚረዳበትን መንገድ በግልጽ ማስቀመጥ በሚል ሐሳብ ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አረዳዱ የጋራ፣ አጻጻፉም መደበኛ መሆን እንዳለበት ጨምረውበታል። የዳታቤዝ ንድፍ መረጃው የት እንደሚቀመጥ ይወስናል፤ ኦንቶሎጂ ግን መረጃው ምን ማለት እንደሆነና ከእርሱ ምን ሊከተል እንደሚችል ይናገራል። የሚጻፍባቸውን ቋንቋዎች ያጸደቀው የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም ሲሆን፣ ዋናዎቹ በ1999 የወጣው አር.ዲ.ኤፍ. እና በ2004 ወጥቶ በ2009 የታደሰው ኦ.ደብሊው.ኤል. ናቸው።

አንበጣን ሁሉም ያውቀዋል፤ ትርጉሙን በሎጂክ መጻፍ ለምን አስፈለገ?

ሁሉም የሚያውቀው ይመስለዋል እንጂ፣ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር አይደለም። በሪፖርት ቅጹ ላይ «አንበጣ ታይቷል» የሚል አንድ ሣጥን ብቻ ካለ፣ ገና ክንፍ ያላወጣ ኩብኩባም፣ በሰማይ የሚበር መንጋም፣ ተራ ፌንጣም፣ የዛፍ አንበጣም እዚያው ሣጥን ውስጥ ይገባሉ። ውሳኔው ግን በእነዚህ መካከል ባለው ልዩነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ኩብኩባ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ቆዳውን እየቀየረ በመሬት ላይ ስለሚጓዝ በተሽከርካሪና በጀርባ በሚታዘል መርጫ ሊደረስበት ይችላል፤ የሚበር መንጋን ለማጥፋት ግን ብዙ ጊዜ አውሮፕላን ያስፈልጋል። ክንፍ ካወጣው መንጋ መካከልም ሐምራዊ የመሰለው ገና ለጋ ሲሆን፣ ቢጫው ለመራባት የደረሰ፣ በቅርቡም እንቁላል የሚጥል ነው። ስለዚህ አንድ አርሶ አደር የነገረን ቀለም ብቻውን የሦስት ሳምንት ዕቅድ ሊለውጥ ይችላል፤ የትኛውም ሳተላይት ይህን ቀለም አይነግረንም።

ኦንቶሎጂው ኩብኩባና ክንፍ ያወጣ አንበጣ ፈጽሞ አንድ ሊሆኑ የማይችሉ መደቦች መሆናቸውን፣ ቢጫ ቀለም የመድረስ ምልክት መሆኑን፣ መንጋ የነጠላ ነፍሳት ስብስብ እንጂ ራሱ ነፍሳት አለመሆኑን ይመዘግባል። ይህ ሲደረግ ስሕተትን መያዝ ይቻላል። ለምሳሌ አንድ ወረዳ ዛሬ ያየውንና ሌላው ወረዳ ትናንት ያየውን የኩብኩባ ስብስብ «አንድ ነው» ብሎ ሥርዓቱ ቢያገናኛቸው፣ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ግን 60 ኪሎ ሜትር ቢኖር፣ ኩብኩባ በቀን ያን ያህል እንደማይጓዝ የተጻፈው ገደብ ግጭቱን ወዲያውኑ ያወጣዋል። ወይ ማገናኘቱ ስሕተት ነው፣ ወይ ቦታው ስሕተት ነው፣ ወይም የታየው ኩብኩባ አልነበረም። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ባለሙያው ነው፤ ማሽኑ ጥያቄው እንዳይታለፍ ያደርጋል።

መጠንም እንዲሁ ነው። «20 ጥማድ» የሚል ሪፖርት ሲመጣ፣ ጥማድ በብዙ ቦታ ሩብ ሄክታር ተብሎ ቢሰላም ከአካባቢ አካባቢ የሚለያይ መለኪያ ነው። ከዚያ የሚከብደው ግን 20ው ጥማድ መንጋው ያረፈበት ስፋት ይሁን ወይስ የተበላው ሰብል አለመታወቁ ነው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ እንደሚችል ስናስብ፣ እነዚህን ሁለት ስፋቶች አደባልቆ መደመር ምን ያህል ከእውነታው እንደሚያርቅ ግልጽ ነው። በኦንቶሎጂው ውስጥ የመንጋ ስፋትና የጉዳት ስፋት የሁለት የተለያዩ ነገሮች ባሕርያት ናቸውና በአንድ ዓምድ ሊደመሩ አይችሉም።

ሪፖርት ከሌለ አንበጣ የለም ማለት ይቻላል?

አይቻልም፤ ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል ብለን እናምናለን። በ2018 ግንቦት ላይ መኩኑ፣ በጥቅምት ደግሞ ሉባን የተባሉ አውሎ ነፋሶች በዐረቢያ ልሳነ ምድር በሚገኘው ሩብ አል ኻሊ በረሃ ከባድ ዝናብ አዘነቡ። አሸዋው እርጥበት አገኘ፣ ዕፅዋት በቀሉ፣ አንበጣውም በአብዛኛው ሰው በማይደርስበት ስፍራ ሦስት ትውልድ ተራባ። በ2019 መንጋዎቹ ወደ የመን፣ ከዚያም ባሕሩን ተሻግረው ወደ አፍሪካ ቀንድ ገቡ፤ በኢትዮጵያም በ25 ዓመታት ውስጥ ያልታየ ወረራ ሆነ። ከበረሃው የመጣ ሪፖርት ጥቂት ነበር፤ ሪፖርቱ ያነሰው ግን አንበጣ ስላልነበረ ሳይሆን ተመልካች ስላልነበረ ነው።

የተለመደው ዳታቤዝ የማያውቀውን ነገር እንደሌለ ይቆጥራል፤ ይህ ለባንክ ሒሳብ ትክክል ነው። ኦ.ደብሊው.ኤል. ደግሞ የተቃራኒውን መርሕ ይከተላል፦ ያልተነገረው ነገር እውነትም ሐሰትም ሊሆን ይችላል፣ ገና አልታወቀም። ለአንበጣ ክትትል የሚስማማው ይህ ሁለተኛው መርሕ ነው፤ ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ ምክንያቱም ሁሉን «አላውቅም» የሚል ሥርዓትም ለውሳኔ አይረዳም። መፍትሔው የአሰሳን ሥራ ራሱን የኦንቶሎጂው አባል ማድረግ ነው። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ቦታ፣ በእግር ወይስ በመኪና ወይስ በሄሊኮፕተር አሰሰ፣ ምንስ አገኘ ተብሎ ይመዘገባል። «ታስሶ አልተገኘም» እና «አልታሰሰም» የተለያዩ መደቦች ይሆናሉ፣ በካርታው ላይም የተለያየ ቀለም ይይዛሉ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ስጋቱን ከአረንጓዴ እስከ ቀይ በአራት ደረጃዎች ይገልጻል። ይህን የመሰለ የቀለም መለኪያ የሚጠቀም ማንኛውም ሥርዓት አረንጓዴው ከአሰሳ የመጣ ይሁን ከዝምታ ለይቶ ማሳየት አለበት።

ሰዓትና ቀን በምን መንገድ ይዋሐዳሉ?

በጥንቃቄ፣ ከምንጩ ጀምሮ። የልማት ሠራተኛው «መስከረም 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል። የሳተላይቱ ምስል ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በሚቆጥረውና ከኢትዮጵያ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው በዓለም አቀፉ የተቀናጀ ሰዓት የተመዘገበ ነው። የሠራተኛው ጊዜ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2020፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት አምስት ሰዓት ላይ መሆኑን ሥርዓቱ ካላወቀ፣ «2 ሰዓት» የሚለውን ከእኩለ ሌሊት በኋላ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። አንበጣ ደግሞ በነፋስ እየታገዘ በአንድ ቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ የሚችል በመሆኑ የስድስት ሰዓት ስሕተት መንጋውን ሌላ ወረዳ ላይ ያሳርፈዋል።

በ2017 የታደሰው የኦ.ደብሊው.ኤል. የጊዜ ኦንቶሎጂ ከጎርጎርዮሳዊው ውጭ ያሉ አቆጣጠሮችንም እንዲገልጽ ተደርጎ ተስፋፍቷል። ስለዚህ የእኛን 13 ወራት አስገድዶ በሌላ ቅጽ ውስጥ መክተት አያስፈልግም፤ መጀመሪያ የተጻፈው ጊዜ ከነአቆጣጠሩ ይቀመጣል፣ የተለወጠው ጊዜ ደግሞ አጠገቡ ይቀመጣል። መጀመሪያ የተጻፈውን አጥፍቶ የተለወጠውን ብቻ የሚያስቀምጥ ሥርዓት በለውጡ ላይ ስሕተት ቢገኝ የሚመለስበት መንገድ የለውም። ከዚህም ጋር መንጋው የታየበትና ሪፖርቱ የተላከበት ጊዜ መለየት አለባቸው፤ በዚያው ዓመት የጸደቀው የዳሳሾችና የምልከታዎች ኦንቶሎጂ፣ በአጭር ስሙ ሶሳ፣ ክስተቱ የሆነበትን ጊዜና የምልከታው ውጤት የተገኘበትን ጊዜ ለይቶ ለመመዝገብ የተለያዩ ቦታዎች አዘጋጅቷል። ሶሳ ሰውንም እንደ ዳሳሽ ሊቆጥር የሚፈቅድ መሆኑ ለእኛ ጉዳይ የተመቸ ነው፦ የእረኛው ምልከታና የእርጥበት ለኪው ሳተላይት ንባብ በአንድ ዓይነት መዋቅር ይቀመጣሉ።

የቦታ ስሞች ሲለያዩስ?

አዳማና ናዝሬት፣ ቢሾፍቱና ደብረ ዘይት አንድ ከተማ መሆናቸውን ሰው ያውቃል፣ ማሽን ግን አያውቅም። በተቃራኒው አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ቀበሌዎች በተለያዩ ወረዳዎች ይገኛሉ። ስለዚህ ቦታን በስሙ ሳይሆን በቋሚ መለያ ቁጥሩ መያዝ፣ ስሞቹን ሁሉ በየቋንቋቸው ከመለያው ጋር ማያያዝ፣ የወረዳ ወሰን ሲቀየርም ወሰኑ የጸናበትን ጊዜ መመዝገብ ይገባል። ሁለት አካላት አንድ ናቸው የሚለውን የኦ.ደብሊው.ኤል. መግለጫ በችኮላ መጠቀም አደገኛ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተጻፈ ስለ አንዱ የተባለው ሁሉ ስለ ሌላውም እንደተባለ ይቆጠራልና።

አንድ ወሬ በብዙ መንገድ ሲመጣ እንዴት እንደ ብዙ ምስክር አይቆጠርም?

የመረጃውን የዘር ሐረግ በመመዝገብ ነው። አንድ የቀበሌ ሠራተኛ ያየውን ለወረዳው ይነግራል፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል ያስተላልፋል። ያው ሠራተኛ በስልክ መተግበሪያም ይልከዋል፤ ማታ ደግሞ በሬዲዮ ዜና ይሰማል። ማዕከል ሲደርስ ሦስት ሪፖርት ይመስላል። የውህደት ስሌቱ ሦስቱንም የየራሳቸው ምስክር አድርጎ ከወሰዳቸው የእርግጠኝነቱ መጠን ያለ አግባብ ይወጣል፤ በመስኩ ከሚታወቁት አደጋዎች ሁሉ ይህ በጣም አሳሳቹ ነው፤ ምክንያቱም ውጤቱ ስሕተት አይመስልም፣ ይልቁንም በጣም የተረጋገጠ ይመስላል።

በ2013 የጸደቀው ፕሮቭ-ኦ የተባለው ኦንቶሎጂ ለዚህ ጥሩ መሠረት ነው። እያንዳንዱ መረጃ ከየትኛው መረጃ እንደተወሰደ፣ በየትኛው ክንውን እንደተፈጠረ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ ይገልጻል። ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ተከትሎ ሦስቱም ሪፖርቶች ከአንድ ምልከታ የወጡ መሆናቸውን ያገኘ ሥርዓት እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። እዚህ ላይ የሰዎች የግል ሁኔታ መጠበቅ አለበት፤ ለሰንሰለቱ የሚያስፈልገው የተመልካቹ መለያ እንጂ ስሙና ስልክ ቁጥሩ አይደለም።

ኦንቶሎጂ እርግጠኛ ያልሆነ መረጃን መያዝ ይችላል?

ኦ.ደብሊው.ኤል. ብቻውን አይችልም፤ አንድ ነገር ወይ ይባላል ወይ አይባልም። ስለዚህ ይሆናልታውን፣ ማለትም ነገሩ እውነት የመሆን ዕድሉን፣ በቁጥር የሚያሰላ ሌላ ክፍል ከጎኑ ይቆማል፦ የቤይዝ ስሌት፣ የዴምፕስተርና የሼፈር የማስረጃ ንድፈ ሐሳብ፣ ወይም በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሠራው ፒ.አር.-ኦ.ደብሊው.ኤል. የተባለው ይሆናልታን የሚጨምር ቅጥያ። የኦንቶሎጂው ድርሻ ይሆናልታው ስለ ምን እንደሆነ ማስቀመጥ ነው፤ ስለ ተመልካቹ ታማኝነት ነው፣ ስለ ዝርያው ማንነት ነው፣ ወይስ ስለ ቦታው ትክክለኛነት?

ስሌቱን በጭፍን መጠቀም ምን እንደሚያመጣ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተመራማሪው ሎትፊ ዛዴህ በ1979 በታወቀ ምሳሌ አሳይቷል፤ እኛ ወደ ራሳችን ጉዳይ አምጥተነዋል። አንዱ ተመልካች የታየው 99 በመቶ የበረሃ አንበጣ፣ 1 በመቶ የዛፍ አንበጣ ነው ይላል። ሌላው 99 በመቶ ፌንጣ፣ 1 በመቶ የዛፍ አንበጣ ነው ይላል። የዴምፕስተር ቀመር ሁለቱን ሲያዋሕድ ሁለቱም የማይመስል ነው ያሉትን የዛፍ አንበጣ 100 በመቶ እርግጠኛ አድርጎ ያወጣዋል። ከዚህ ይልቅ ጠቃሚው መልስ «ምንጮቹ ተጋጭተዋል፣ ምናልባትም ያዩት ሁለት የተለያየ ነገር ነው» የሚለው ነው፤ ይህን ለማለት ደግሞ ምልከታን ከታየው ነገር የሚለይ ኦንቶሎጂ ያስፈልጋል።

ሎጂካዊ ስሌቱ ሥርዓቱን አያዘገየውም?

ያለ ልክ ከተጠቀሙበት ያዘገየዋል። ሙሉው ኦ.ደብሊው.ኤል. 2 ከባድ ስሌት የሚጠይቅ በመሆኑ ለፍጥነት የተዘጋጁ ሦስት ቀለል ያሉ ንዑሳን ቋንቋዎች አሉት። የሳተላይት ምስሎች በተለመደው መንገድ ይሠሩ፤ ወደ ኦንቶሎጂው የሚገባው «በዚህ ቦታ በዚህ ሳምንት ለምለም ታይቷል» የሚለው የተጨመቀ ውጤት ብቻ ይሁን።

ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ባሉበት ዘመን ኦንቶሎጂ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል ብለን እናምናለን። ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ጽሑፍን የሚያነብና የሚጽፍ የቋንቋ ሞዴል በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ከተጻፈ ነጻ ጽሑፍ ውስጥ ቀለሙን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ለቅሞ ለማውጣት ሊረዳ ይችላል። ለቅሞ የሚያስቀምጥበት መደብ ግን ቀድሞ መወሰን አለበት፤ ያወጣውንም የሚፈትሽ ገደብ ያስፈልጋል። ለቋንቋዎቹ ብዛት የፋኦ የግብርና መዝገበ ጽንሰ ሐሳብ አግሮቮክ ጥሩ መነሻ ነው፤ አንዱን ጽንሰ ሐሳብ በብዙ ቋንቋዎች ከተሰጡት ስሞች ጋር ያያይዛል።

ኦንቶሎጂ የማያስፈልግበት ጊዜ አለ?

አለ። ሁለት ራዳሮች አንድን አውሮፕላን የሚከታተሉ ከሆነ፣ ሁለቱም የሚለኩት አንድ ነገር በአንድ መለኪያ ከሆነ፣ ተከታታይ ልኬቶችን አዋሕዶ የነገሩን ቦታ የሚገምተው፣ ከ1960 ጀምሮ የሚታወቀው የካልማን ማጣሪያ የተባለው ስሌት ሥራውን ይጨርሳል። ምንጮቹ ጥቂት፣ ትርጉማቸውም አንድ ሆኖ ሳለ ኦንቶሎጂ መጨመር ድካም ብቻ ነው። ሰውና ማሽን፣ ብዙ ቋንቋና ብዙ ተቋም ሲገናኙ ግን ያለ እርሱ የሚሠራው ውህደት ውሎ አድሮ በኮድ ውስጥ በተበተኑ ያልተጻፉ ግምቶች ላይ ይቆማል።

ለመጀመር የሚያስብ ቡድን ከየት ይጀምር?

ከጥያቄዎች ይጀምር። ሥርዓቱ እንዲመልሳቸው የሚፈለጉትን ጥያቄዎች ውሳኔ የሚሰጠው ሰው በሚናገርበት ቋንቋ መጻፍ ይቀድማል፦ «ባለፉት አሥር ቀናት ቢጫ መንጋ ካረፈባቸው ቀበሌዎች ውስጥ ያልታሰሱት የትኞቹ ናቸው?» የሚለው ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ቀለምን፣ ማረፍን፣ ጊዜን፣ ቦታንና አሰሳን በአንድ ጊዜ ይጠይቃልና። ከእነዚህ ጥያቄዎች የማይወጣ መደብ ለጊዜው አይጻፍ። ቀጥሎ ሶሳን፣ ፕሮቭ-ኦን፣ የጊዜ ኦንቶሎጂውንና አግሮቮክን እንዳሉ ወስዶ፣ የጎደለውን ብቻ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በተሠራውና በነጻ በሚገኘው የኦንቶሎጂ መጻፊያ ፕሮግራም፣ በፕሮቴጄ፣ መጻፍ ይበቃል። የመጀመሪያው ረቂቅ ኮምፒዩተር ላይ ከመሄዱ በፊት ማሳ ላይ ከሚውሉት የልማት ሠራተኞችና የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያዎች ጋር በወረቀት ይነበብ፤ ኩብኩባውን በእጃቸው ይዘው የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና የመደቦቹ ወሰን በእነርሱ ዕውቀት መታረም አለበት። ከዚያም አስቀድሞ ውጤታቸው የታወቀ የቆዩ ሪፖርቶች ወደ ሥርዓቱ ገብተው ጥያቄዎቹ ይጠየቁ፤ መልሱ ትክክል ያልሆነበት ጥያቄ የትኛው መደብ ወይም ገደብ እንደጎደለ ያመለክታል።